ከቨርጂኒያ እስከ አንቲጓ በሸራ ጀልባ፦ የኖቬምበርን አትላንቲክ የሚያውቅ አለ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች።

ቅዳሜና እሁድ አናፖሊስ ላይ ጡረታ ከወጡ አንድ አሜሪካዊ ጋር በሸራ ጀልባ እወጣለሁ። ጀልባዋ 42 ጫማ ናት፣ ባለ አንድ ምሰሶ። ቼሳፒክ ቤይን ለምጄዋለሁ። ሸራ መስቀል፣ ሸራ ማጠፍ፣ መልህቅ መጣል አያቅተኝም።

አሁን ሰውዬው ዊንተሩን ካሪቢያን ሊያሳልፉ ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከቨርጂኒያዋ ሃምፕተን ተነስተው፣ በቤርሙዳ ደሴት በኩል አድርገው፣ አንቲጓ ለመግባት አስበዋል። 1,500 የባሕር ማይል ገደማ ነው። እሳቸው፣ ወንድማቸውና አንዲት ጓደኛቸው አሉ። አራተኛ ሰው ጎደላቸውና «ትመጣለህ ወይ?» አሉኝ። እሺ ብያለሁ።

ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ ወይ ዶልፊን ነው ወይ ሞት። መሃሉን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት። በእርግጥ ያን ያህል ይከፋል? ቤይ ላይ ንፋሱ ከ20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) ሲያልፍ ያጥወለውለኛል፤ አስር ቀን እንዴት ነው የምችለው? ደግሞ ሥራ አለብኝ። ከአንቲጓ የመመለሻ ትኬት ለኖቬምበር 14 ቆርጫለሁ። ይደርሳል ትላላችሁ?

ቆሎ_በኪሴ

ወንድሜ፣ በፕሌን ብትሄድ እኮ በዚያው ቀን አንቲጓ ነህ። ምን አጣህ? ሀበሻና ውቅያኖስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቁት?

(ቀልዴን ነው። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ቀጥሉ።)

ንፋስ_መውጫ

መጀመሪያ ትኬቱን ሰርዝ። እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም።

ሥራዬ የሰው ጀልባ ማድረስ ነው። ይህን መስመር አውቀዋለሁ። እዚያ መንገድ ላይ ሲቸገር ያየሁት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀጠሮ ነበረበት። አንዱ ሠርግ፣ አንዱ ስብሰባ፣ አንዱ እንዳንተ ትኬት። ቀጠሮ ያለበት ሰው የአየር ትንበያውን የሚያነበው እንደሚመቸው አድርጎ ነው። «ነገ ከሰዓት ንፋሱ ይረጋጋል» ይልሃል፣ ትንበያው እንደዛ ሳይል።

የኖቬምበር ነገር እንዲህ ነው። የሃሪኬን ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ብዙ ኢንሹራንሶች ኖቬምበር ሲገባ ወደ ደቡብ እንድትወርድ ይፈቅዳሉ፣ ከዚያ በፊት አይሸፍኑህም። ከዘገየህ ደግሞ ከአሜሪካ ዳርቻ የሚነሱት የብርድ ወራት ወጀቦች በየጥቂት ቀኑ እየተከታተሉ ይወጣሉ። ከኋላህ ብርድ፣ ከፊትህ ሃሪኬን። መሃል ላይ ያለችው ቀዳዳ ጠባብ ናት፤ መቼ እንደምትከፈትም ያንተ ትኬት አይወስናትም።

ከሁሉም የሚያሳስበው ገልፍ ስትሪም ነው። ከፍሎሪዳ ጀምሮ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚፈስ የሞቀ ውሃ ነው። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ እስከ 4 ኖት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሮጣል። ያንቺው ጀልባ ራሷ (ይቅርታ፣ ያንተው) በደህና ቀን 6 ኖት ነው የምትሄደው። ጅረቱ የኖርዝ ካሮላይናው ኬፕ ሃተራስ ሲደርስ ከዳርቻው ተላቆ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። አንተ ከሃምፕተን ወጥተህ ከአንድ ቀን በኋላ ትደርስበታለህ።

ንፋሱ ከደቡብ ከሆነ ምንም አይልህም። ከሰሜን መንፈስ ከጀመረ ግን ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ማዕበሉ ያጥራል፣ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ጫፉ ይሰበራል። 25 ኖት የሰሜን ንፋስ ሌላ ቦታ ተራ ቀን ነው። እዚያ ግን ጀልባዋ ከአንዱ ማዕበል ወርዳ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣባታል። በዚህ መስመር የሚመላለሱ ሰዎች ሕጋቸው ቀላል ነው፦ ለመሻገሪያው ሰዓት ትንበያው ውስጥ «ሰሜን» የሚል ቃል ካለበት፣ ሰሜን ምሥራቅም ሆነ ሰሜን ምዕራብ፣ ከወደብ አትውጣ።

መግባትህን ቴርሞሜትሩ ይነግርሃል። ውሃው በአጭር ርቀት ውስጥ ዘሎ ከ25 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊት ከሆነ አየሩ ራሱ ፊትህ ላይ ይሞቃል።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የቅኝ ግዛቶቹ የፖስታ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ጅረት በካርታ ያሳተመው። ከእንግሊዝ የሚመጡት የፖስታ መርከቦች ለምን እንደሚዘገዩ ሲጠይቅ፣ መልሱን ያገኘው ዓሣ ነባሪ አዳኝ ከነበረ የናንታኬት ዘመዱ ነው። የፖስታዎቹ ካፒቴኖች ጅረቱን ተቃርነው ነበር የሚጓዙት። ሲነገራቸውም አልሰሙም ይባላል። የካፒቴን ነገር ያኔም ያው ነው።

ስለ ማጥወልወሉ ሌሎች ይምጡበት።

ምፅዋ_57

ቆሎ በኪሴ፣ ልጄ፣ ሀበሻና ባሕር ተዋውቀው ነበር። ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበረን። «ኢትዮጵያ» የምትባል ከአሜሪካ የመጣች መርከብ ነበረችን። እኔ እዚያ ነው ጢሜን የላጨሁት።

ከምፅዋ ወደ ሰሜን ስትሄድ ከቀይ ባሕር አጋማሽ በላይ ንፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ወደ ስዊዝ የሚወጣ ሁሉ ፊቱን ይመታል። ማዕበሉ ረጅም አይደለም፤ አጭርና ተደጋጋሚ ነው። ትልቁን የብረት መርከብ እንኳ እንደ ወንፊት ነበር የሚነፋት። ስለዚህ ይህች እህታችን ስለ አጭር ማዕበል የምትለው ትክክል ነው። ሰው የሚያደክመው ቁመቱ አይደለም፣ ፋታ ማጣቱ ነው።

ስለ ሕመሙ፦ አትፈር። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜ ልኩን ያጥወለውለው ነበር። እኛ ጋ የታመመውን ሰው አናስተኛውም ነበር። ሥራ እንሰጠዋለን። መሪ ያዝ፣ አድማሱን እይ እንለዋለን። ታች ገብቶ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ለሦስት ቀን አይነሳም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ንፋስ መውጫ፣ እህቴ፣ ትኬቱ ገንዘቡ አይመለስም። ግን ገባኝ። ከአለቃዬ ጋር ልነጋገር።

ካፒቴኑ ፈረቃችን ሦስት ሦስት ሰዓት ነው ብለውኛል። የኔ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ነው። አውቶፓይለት ስላለ «ዝም ብለህ ማየት ነው» አሉ። ምን እንደማይ ግን አላውቅም።

ነርስ_ሲያትል

ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ባለቤቴም ፑጀት ሳውንድ ላይ ጀልባ አለው። ስለዚህ ይሄ ርዕስ ቤታችን ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው።

ማስታወክ ከጀመርክ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ዋጋ የለውም፣ ተመልሶ ይወጣል። ከመነሳትህ በፊት ባለው ሌሊት ጀምር። እዚህ አሜሪካ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጥ ስኮፖላሚን የሚባል ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ፓች አለ። ለሦስት ቀን ይሠራል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ መለጠፍ አለበት። አፍ ያደርቃል፣ ያደነዝዛል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ከለጠፍክ በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ሳትታጠብ ዓይንህን ካሸህ ብሌንህ ይሰፋና ካርታ ማንበብ ያቅትሃል።

ግላኮማ ያለበት ወይም ሽንት የሚቸግረው ሰው አይጠቀመው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ደግሞ ሊያምታታቸው ይችላል። ስንት ሽማግሌ ነው ጀልባዋ ላይ ያለው? ካፒቴኑ ፓች ለጥፈው እንግዳ ነገር መናገር ከጀመሩ እርጅና ነው ብለህ አትለፍ። ፓቹን አንሳና እጃቸውን አስታጥብ።

ስለዚህ ሁላችሁም አንድ ቅዳሜ ቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ የምትሞክሩት ገልፍ ስትሪም ላይ እንዳይሆን።

ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጣ። ሽንትህ ከጠቆረ ዘግይተሃል። ብዙ ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ይለምደዋል። ሽንት ቤት ደግሞ ሁሉም ተቀምጦ ነው፣ ወንዱም። ይህንን ባለቤቴ አስተምሬዋለሁ።

ባቦጋያ

«ምን እንደማይ አላውቅም» ላልከው እኔ ልመልስልህ፤ ከወዲያኛው ወገን ስለሆንኩ።

ቢሾፍቱ ባቦጋያ ነው የተማርኩት። አሁን ኮንቴይነር መርከብ ላይ የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ነኝ። መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ ብሪጁ ላይ፣ ያሉት ራዳሮች ሲበላሹ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያንተ ጀልባ እኛ ስክሪን ላይ ምን እንደምትመስል ልንገርህ፦ ብዙ ጊዜ ምንም አትመስልም።

ፋይበርግላስ የራዳር ሞገድ እምብዛም አይመልስም። ባሕሩ ሲሻክር ማዕበሉ ራሱ ስክሪኑን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል። መኮንኑ ነጠብጣቡን ለማጥፋት ማጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ነጠብጣቡ ሲጠፋ አንተም አብረህ ትጠፋለህ።

የሚያሳይህ ኤአይኤስ ነው፣ የጀልባዋን ስም፣ ቦታና ፍጥነት በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ። እናንተ ላይ የሚገጠመው አነስተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ በ2 ዋት ኃይል በየ30 ሰከንዱ ነው የሚልከው። የኛ 12.5 ዋት ነው። ቢሆንም ስምህና ፍጥነትህ ይታየናል። መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም መቻሉን ካፒቴኑን ጠይቅ። መቀበል ብቻ የሚችል የገጠሙ ብዙ ናቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እኛ በ20 ኖት ስንሄድ አንድ የባሕር ማይል በሦስት ደቂቃ ነው የምንጨርሰው። አንተ ኮክፒት ውስጥ፣ መሪው ጋ፣ ተቀምጠህ አድማስህ ሦስት ማይል ገደማ ነው። የኛ መብራት ከፍ ያለ ስለሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ ይታይሃል። ቢሆንም መብራቱን ካየህበት እስክንደርስብህ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ተነስተህ፣ ዙሪያውን ሙሉ አንዴ ዞረህ እይ። ከኋላም ጭምር። ሸራውም አንድ ወገን ይጋርድሃልና አጎንብሰህ በሥሩ እይ።

ስትጠራን በስም ጥራን፣ ቻናል 16 ላይ። «በስተቀኜ ያለኸው መርከብ» ብትል ማንም አይመልስልህም። ሕጉ በሞተር የሚሄድ ለሸራ መንገድ ይልቀቅ ይላል። አንተ ግን በሱ ተማምነህ አትተኛ።

ባትሪዎቹንም ጠይቅ። ኤአይኤሱ፣ ምሰሶ ጫፍ ያለው መብራት፣ አውቶፓይለቱ፣ ፍሪጁ፣ ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ቋት ነው። ባሕር ሲሻክር አውቶፓይለት ከወትሮው እጅግ ብዙ ይበላል። ባትሪው ሲደክም ቀድሞ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግህ ነው።

ቆሎ_በኪሴ

ከሌሊቱ 6 ሲል በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ይሄ ልጅ ጀልባዋ ላይ ስድስት ሰዓት አርፍዶ እንዳይነሳ።

ንፋስ_መውጫ

😂 በሀበሻ ነው የጻፈው፣ እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። ጀልባዋ ላይ ግን ሰዓቱን በግሪንዊች፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ሊያደርጉት ይችላሉ፣ ትንበያው የሚመጣው በሱ ነውና። ከመሄድህ በፊት ራስህን አስተካክል።

ወደ ቁም ነገሩ። «ዝም ብለህ ማየት ነው» የሚባለው ፈረቃ እውነት ነው፣ አየሩ ደህና ሲሆን። ሲከፋ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተጋድማ ነው የምትሄደው። ለቀናት። ወለል የሚባል ነገር የለም፣ ግድግዳ ላይ ነው የምትሄደው። ታች ስትተኛ ፊተኛው ጫፍ ማዕበል ላይ ሲወድቅ አልጋህ ከሥርህ ይሸሻል፣ ከዚያ መላ ጀልባዋ ትጮኻለች። የአልጋውን ጎን የሚይዝ ሸራ ታስራለህ፣ ካልሆነ ወለል ላይ ነው የምትነቃው። በደህና ቀን ያላየኸው ቀዳዳ ሁሉ ያንጠባጥባል፣ ሁልጊዜም ትራስህ ላይ። ልብስ አይደርቅም። ጨው ያለበት ጨርቅ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አንድ ሙሉ ልብስ በፕላስቲክ ዘግተህ አስቀምጥ፣ እስከ መጨረሻው አትክፈተው።

ሻይ ማፍላት አንድ ሥራ ነው። በወገብህ ዙሪያ ቀበቶ አስረህ ምድጃው ፊት ትቆማለህ። ምድጃው ይወዛወዛል፣ እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የተሠራው፤ በእጅህ ልትይዘው አትሞክር። የዝናብ ሱሪህንና ቡትህን ሳትለብስ የፈላ ውሃ አትንካ፣ ቆዳህን የሚያድንልህ እሱ ነው። ኩባያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ታስቀምጣለህ። ግማሽ ብቻ ትሞላለህ። ከዚያ በደረጃው ወደ ላይ ታቀብላለህ እንጂ ይዘኸው አትወጣም። አንድ ኩባያ ሻይ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ግን ያቺ ሻይ አንድ ሰው ሌላ ሁለት ሰዓት እንዲነቃ ታደርጋለች።

ከደረጃው ስትወጣ ደረትህ ላይ ያለውን ገመድ ገና ጭንቅላትህን ብቅ ስታደርግ ውጭ ካለው ቀለበት ጋር አያይዘው። ከወጣህ በኋላ አይደለም። ከፈረቃ ስትወርድም በተቃራኒው፣ መጨረሻ ላይ ፍታው። የሦስት ሜትር ማዕበል ውስጥ የወደቀ ሰው ጭንቅላት ወዲያው ከዓይን ይሰወራል፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ አስበው።

ሸራ ስለ ማጠፍ፦ «ልጠፈው ይሆን?» ብለህ ካሰብክ ጊዜው አሁን ነው። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። ከ20 ወደ 28 ኖት ሲወጣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። 40 ሲደርስ አራት እጥፍ ነው። እኔ ሲመሽ ያስፈልግም አያስፈልግም አንድ ደረጃ አጥፋለሁ። ፍጥነት ይቀንሳል። ሰው ግን ይተኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በአራተኛው ቀን የማይሆን ነገር ይወስናል። ያልታሰረ ገመድ አይቶ ያልፋል፣ የተፋጨውን ገመድ አይፈትሽም፣ «ይደርሳል» ይላል።

ሄርዝሊያ_ማሪና

ሰላም ከእስራኤል። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን በሸራ ተሻግሬያለሁ። ያ መስመር ንፋሱ ከኋላ ነው፣ ከናንተ ይቀላል። በአንድ ነገር ግን ከካፒቴኑ ዕቅድ ጋር አልስማማም፤ ንፋስ መውጫም ያላነሳችው አንድ ነገር አለ፣ ሳትቀየመኝ።

አንደኛ፣ ቤርሙዳ። እኔ ብሆን አልቆምም። 640 ማይል ሄደህ ሰውነትህ ለምዷል፣ ፈረቃው ተስተካክሏል። ከዚያ የቤርሙዳ ወደብ ሴንት ጆርጅ ገብተህ ቢራ ትጠጣለህ፣ ታጥበህ ትተኛለህ፣ የሚቀጥለው ወጀብ ይመጣና አንድ ሳምንት ያግድሃል። ስትወጣ ማጥወልወሉ ከዜሮ ይጀምራል። ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ገፍቶ፣ 65 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ሲደርሱ ወደ ደቡብ መታጠፍ ነው የሚሻለው።

ሁለተኛ፣ አየሩ በጣም ሲከፋ ምን ይደረጋል የሚለውን ማንም አላነሳውም። የድሮ መጻሕፍት ሁሉ ሂቭ ቱ አድርግ ይላሉ። ትንሿን የፊት ሸራ በተቃራኒ ወጥረህ፣ መሪውን አስረህ፣ ጀልባዋ በቀስታ እየተንሸራተተች እንድትቆም ማለት ነው። ኪሏ፣ ማለትም ከሥሯ ያለው ክንፍ፣ ረጅም ለሆነ ጀልባ ድንቅ ነው። አሁን የሚሠሩት ቀጭን ኪል ያላቸው ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ እንደዛ አይቆሙም፣ ይዞራሉ። ማዕበል ጎን ለጎን ካገኛቸው ደግሞ ይገለብጣቸዋል። እኔ ከኋላ የሚጎተት ድሮግ ነው የማምነው፤ በረጅም ገመድ ላይ ከመቶ በላይ ትንንሽ የጨርቅ ቀፎዎች የተሰፉበት። ዶናልድ ጆርዳን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው በ1979 ወጀብ ከመታው የፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር በኋላ የሠራው። ጀልባዋን ከኋላ ይይዛታል፣ ማዕበሉ ላይ እንዳትንሸራተት ያደርጋል።

ንፋስ_መውጫ

አልቀየምም። ስለ ድሮጉ ልክ ነህ። ግን እሱን መልሶ መጎተት ግማሽ ቀን ሙሉ የዊንች ሥራ ነው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ላሉበት ጀልባ አስበው። ሂቭ ቱን ደግሞ ለወጀብ ብቻ አታስበው። እኔ ብዙ ጊዜ የምጠቀመው እራት ለመብላት ነው። ወይም ሞተሩን ለማየት፣ ወይም ጨለማ ላይ ወደብ ላለመግባት። ልጁ ቤይ ላይ ይሞክረው፣ ያቺ ጀልባ ትቆም እንደሆነ ያኔ ያውቃል።

ስለ ቤርሙዳ ግን አልሰማህም። አንተ የምታስበው ስለ ለመደ ሰው ነው። እነዚህ አራት ሰዎች አብረው ሌሊት አድረው አያውቁም። ገልፍ ስትሪምን ተሻግረው አንዱ ታሞ ከሆነ፣ ወይ አውቶፓይለቱ ከሞተ፣ ቤርሙዳ ብቸኛዋ መጠጊያ ናት። በሰሜን በኩል ሪፉ (ውሃ ውስጥ ያለው የኮራል ድንጋይ) ሩቅ ድረስ ስለሚወጣ ቀርበህ አትቁረጥ፣ በሩቁ ዙር። መግቢያው ታውን ከት ጠባብ ነው፣ በብርሃን ግባ። ቤርሙዳ ሬዲዮ ገና ሳትደርስ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ሰዎቹና ስለ ሕይወት አድን መሣሪያህ በዝርዝር ይጠይቅሃል። ምርመራ አይደለም። ብትጠፋ የሚፈልጉህ እነሱ ስለሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የነዳጅ ታንክ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ቆሻሻ አለ። ቼሳፒክ ላይ አይነቃነቅም። ውቅያኖስ ላይ ይናጣል፣ ፊልትሩን ይደፍናል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መቼ? ሸራህን አውርደህ ወደብ ስትገባ። ትርፍ ፊልትር ስንት እንዳለ ቁጠር፣ እንዴት እንደሚቀየርም አሁን ተማር።

ምፅዋ_57

ሄርዝሊያ ማሪና፣ ልጄ፣ ፋስትኔትን ካነሳህ አንድ ነገር ጨምርበት። 303 ጀልባዎች ናቸው የተነሱት። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ሰው ጥሏቸው የወጣባቸው ጀልባዎች 24 ነበሩ፤ ከነሱ የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት ባዶአቸውን ሲንሳፈፉ ተገኙ። ሰዎቹ የሸሹባቸው የሕይወት አድን የላስቲክ ጀልባዎች ግን ተቀደው፣ ተገልብጠው ሰው በልተዋል። ጀልባህ ከእግርህ ሥር ሳትሰጥም አትውጣ። ድምፁ ያስፈራሃል፣ ግን ድምፅ አያሰጥምም።

ቆሎ_በኪሴ

ጋሼ እንዲህ ሲሉ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እኔ የማውቀውን ልናገር። ምድጃ ማብራት ካልተቻለ መፍትሔው እኛ ጋ ነው። በሶ! ውሃና ማር ካለ አለቀ፣ በአንድ እጅ ጨብጠህ ትበላዋለህ። ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። አያቶቻችን ለዘመቻ የያዙት ስንቅ ነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግ፣ ሳህን አይፈልግ። የፈረንጅ ብስኩት ምን ያደርግልሃል።

ነርስ_ሲያትል

ይሄ እንኳን እውነት ነው። ባዶ ሆድ ማጥወልወሉን ያብሰዋል። በየፈረቃው ደረቅ ነገር በትንሹ መቆርጠም ይረዳል። ቋንጣው ላይ በርበሬ ቀንስ፣ ሲመለስ ያቃጥላል። መነሻው እየተራዘመ ኖቬምበር 24 ከደረሰ ደግሞ ኅዳር 15 ነው፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ጿሚ ከሆንክ ቋንጣው ለፈረንጆቹ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ዜና ይዤ መጣሁ።

ሃተራስ አካባቢ ወጀብ እየተፈጠረ ነው፣ ከኋላውም የሰሜን ንፋስ ይከተላል ተባለ። ካፒቴኑ መነሻውን አራዝመውታል። «እስኪያልፍ ሃምፕተን ላይ እንጠብቃለን» አሉ። የትኬቱን ቀን ስላስቀየርኩ ምንም አልመሰለኝም፤ ትንሽ ቅጣት ከፍዬ ቀኑን ክፍት አድርገውልኛል። አለቃዬ አጉረመረመ እንጂ ፈቀደ።

ባቦጋያ፣ ወንድሜ፣ ጠይቄ ነበር። ኤአይኤሱ ይልካል። ባትሪዎቹ ግን አርጅተው ተገኙ። ካፒቴኑ ተቆጡ፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ አዲስ አዘዙ። ፊልትር ስድስት አለን፣ አንዱን በራሴ እጅ ቀይሬዋለሁ፣ እጄ እስካሁን ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ቤይ ላይ ሂቭ ቱ ሞከርን። ሙሉው ሸራ ላይ አልቆመችም፣ ሁለት ደረጃ ሲታጠፍ ቆመች። ቤርሙዳ እንቆማለን፣ ሄርዝሊያ ይቅር በለኝ።

ፓቹን ቤት ሞከርኩት። አፌ እንጨት ሆነ እንጂ ሌላ የለም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባለቤቴ ካርታ ላይ የምትከታተልበት የሳተላይት መሣሪያ አለን። በየአራት ሰዓቱ ነጥብ ይልካል። ነጥቧ ብትቆም ምን ታድርግ?

ንፋስ_መውጫ

ነጥቧ ትቆማለች። አይቀርም። መሣሪያው ይረጥባል፣ ባትሪው ያልቃል፣ አንዱ ሳያውቅ ይነቅለዋል፣ ክፍያው ያልቃል። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ለምሳሌ ነጥቧ አንድ ሙሉ ቀን ብትጠፋ መጀመሪያ ለሌሎቹ ሰዎች ቤተሰቦች ትደውል። ቤርሙዳ አካባቢ ከሆናችሁ ቤርሙዳ ሬዲዮን ትጠይቅ። የጀልባዋን ስም፣ ቀለሟን፣ ርዝመቷን፣ የአራቱንም ሰዎች ስም በወረቀት ጻፍላት፣ ፍሪጁ ላይ ትለጥፈው። በስልክ አትላክላት፣ የዚያን ዕለት አታገኘውም።

«እሁድ እንደርሳለን» ግን እንዳትላት። «ስንደርስ እደውላለሁ» በላት።

ሌላው፣ ካፒቴኑ ጀልባዋ ላይ ያላቸው በሳተላይት የአደጋ ምልክት የሚልከው ቢኮን አሜሪካ ውስጥ ኖኣ (የውቅያኖስና የአየር ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ምልክቱ ሲነሳ ኮስት ጋርድ መጀመሪያ የሚደውለው እዚያ የተመዘገቡት ስልኮች ላይ ነው፣ እውነት ባሕር ላይ መሆናችሁን ለማረጋገጥ። ብዙ ጊዜ የተመዘገበው የድሮ ስልክ ሆኖ ይገኛል። ዛሬውኑ ካፒቴኑን ጠይቅ፣ የባለቤትህም ቁጥር ይግባበት። የማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት እንድታነሳም ንገራት።